ከችሎቱ ውጭ የቀረው ቤተ ዘመድ

ባልና ሚስት ተጣልተው ከፍርድ ቤት ሲደርሱ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ስም የሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው ከሳሽ፥ ሁለተኛው ተከሳሽ ይባላል። ዳኛውም የሚያዳምጠው እነዚህኑ ሁለቱን ሲሆን፥ ልጆች ያሉ እንደ ሆነ ከማን ዘንድ እንዲያድጉ፥ ማን ቀለብ እንዲቆርጥ፥ ማንስ በየትኛው ቀን እየመጣ እንዲጠይቅ ትእዛዝ ይሰጣል። ከዚህ በኋላ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ይመለሳል። ልጁ ግን ወደ ቤት ይመለሳል፤ በዚያም ቤት ጡት ካስጣለችው ጀምሮ ያሳደገችው አያት፥ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲከፍል የኖረ አጎት፥ ከእርሱ ጋር በአንድ መደብ ያደገ የአክስት ልጅ ይኖራል። ትእዛዙ የእነዚህን ሁሉ ኑሮ ይለውጣል። ከእነርሱ መካከል ግን መጥሪያ የደረሰው፥ ቃሉን የተጠየቀ፥ ፍርዱንም ቆሞ የሰማ አንድም ሰው የለም።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ ዛሬ በዚህ ዓምድ ላይ ልናመለክት ያሰብነው ይኸንኑ ነው። ስለ ፍቺ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ልጆች ጉዳትም ብዙ ይነገራል። ከክርክሩ ውጭ ስለሚቀረው ቤተ ዘመድ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። እንዲያውም አንዳንድ ሰው፥ «ትዳሩ የእነርሱ፥ ልጁም የእነርሱ ነው፤ ሌላው ምን አገባው?» ሲል ይሰማል። በአገራችን አኗኗር ግን ልጅ የሁለት ሰዎች ብቻ ሆኖ እንዳላደገ የማያውቅ የለም።

ነገሩ ግልጽ ሆኖ የሚታየው በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች ነው። በጅማ መንገድ ሰበታ፥ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፥ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ደግሞ ሱሉልታ ይገኛሉ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጠቃለው በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ገብተዋል። ከነዋሪዎቻቸው ብዙው ማልዶ ተነሥቶ፥ በታክሲና በአውቶቡስ ተሳፍሮ፥ ቀኑን አዲስ አበባ ውሎ ማታ የሚመለስ ነው። የቤት ኪራይ ከመሐል ከተማው ያስወጣቸው ወጣት ባለትዳሮች ወደነዚህ ከተሞች ይመጣሉ፤ ትዳር ሲፈርስም አንደኛው ወገን ወደ ከተማ ይመለሳል፥ ሌላው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የአንድ ልጅ እናት አየር ጤና፥ አባቱ ሰበታ፥ አያቱ ሱሉልታ ሆነው ቢገኙ የሚያስደንቅ አይደለም።

በዚህ ላይ የሕግ ወሰን ይጨመራል። በአዲስ አበባ የሚሠራበት በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ ማለት አዋጅ ቁጥር 213 ነው። ከኬላው ወዲያ ማዶ የሚሠራበት ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ወጥቶ በ1996 ዓ.ም. የተሻሻለው የኦሮሚያ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው። ሁለቱ በብዙው ይመሳሰላሉ፤ ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቶቹ የተለያዩ ናቸው፤ የሥራ ቋንቋቸውም በወዲህ አማርኛ፥ በወዲያ አፋን ኦሮሞ ነው። በታክሲ አንድ ሰዓት የማይፈጀው መንገድ፥ ለአንዲት ማንበብ ለማትችል አሮጊት፥ በማታውቀው ችሎትና በማትሰማው ቋንቋ መካከል የተዘረጋ ረዥም መንገድ ይሆንባታል።

አሁን ሕጉ የሚለውን እንመልከት። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በቁጥር 113፥ ፍርድ ቤቱ ፍቺን ሲወስን ልጆቹ ከማን ዘንድ እንደሚቆዩ፥ ስለ አስተዳደጋቸው፥ ስለ ትምህርታቸው፥ ስለ ጤንነታቸው፥ እንዲሁም ወላጆችና ልጆች ስለሚጠያየቁበት ሁኔታ እንዲወስን ያዛል። ይህንንም ሲያደርግ የተፋቺዎቹን ገቢ፥ ዕድሜ፥ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፥ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እንዲመለከት ያስገድደዋል። መልካም ድንጋጌ ነው። ነገር ግን በጥንቃቄ ላነበበው ሰው፥ የመጠያየቅ ነገር የተነሣው በወላጆችና በልጆች መካከል ብቻ መሆኑ ይገለጥለታል። አያት፥ ወንድም፥ እኅት፥ አጎትና አክስት በዚህ ስፍራ አልተጠሩም።

ይህ ማለት ግን ሕጉ እነዚህን ዘመዶች ከቶ አያውቃቸውም ማለት አይደለም። ያውቃቸዋል፤ ያውም በደንብ። ስለ ቀለብ በሚናገርበት ክፍል በቁጥር 198 የቀለብ ግዴታን ወደ ላይና ወደ ታች በሚቆጠሩ ዘመዶች፥ እንደዚሁም በወንድማማችና በእኅትማማች መካከል አድርጎታል። እንግዲህ ልጁ ተርቦ ወላጆቹ የማይችሉ ቢሆኑ አያት ቀለብ እንድትሰጥ ልትጠየቅ ትችላለች። ስለ ሞግዚትና ስለ አሳዳሪ በሚናገርበትም ክፍል፥ አባትና እናት ሁለቱም በሌሉና በኑዛዜ የተሾመ ሰው ባልተገኘ ጊዜ ፊቱን ወደ አያቶች፥ አካለ መጠን ወደ ደረሱ ወንድሞችና እኅቶች፥ ወደ አጎቶችና አክስቶች ያዞራል። በአጭሩ ሕጉ እንጀራ በጎደለ ቀን አያቲቱን ያስታውሳታል፤ ሞት በመጣም ቀን ይጠራታል። ሁለቱ ወላጆች በሕይወት ሳሉ ተጣልተው ልጁን በሚከፋፈሉበት ቀን ግን በር ላይ ትቀራለች። ግዴታ ባለበት መብት ሊከተል እንደሚገባ በትምህርት ቤት የተማርን ሁላችን፥ ይህ ሚዛን እንዳልተስተካከለ መመስከር አለብን።

የጉዳቱም ዓይነት ሁለት ነው። የመጀመሪያው ልጅ የሚነጠቁ ዘመዶች ጉዳት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ ቡራዩ ከአባቱ እናት ጋር አደገ እንበል። ወላጆቹ ሲፋቱ ፍርድ ቤቱ ሕፃኑ ከእናቱ ጋር እንዲኖር፥ አባትም በየእሑዱ ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንዲጠይቀው አዘዘ። ፍርዱ በራሱ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል። አባትየው ግን ሥራው ከአገር ወደ አገር የሚያዞረው ሾፌር ቢሆን፥ ወይም በቸልተኝነት ቢቀር፥ የአያቲቱ እሑድ አብሮ ይቀራል። እርስዋ የምታየው በልጅዋ ቀን ውስጥ ተጠግታ ነውና። ልጅዋ ከታሰረ ወይም ከሞተ ደግሞ ያችው ቀን ጨርሳ ትጠፋለች። ሕፃኑም በበኩሉ፥ ማንም ሳያስረዳው፥ በሕይወቱ ከሁሉ ይበልጥ የለመደውን ፊት በአንድ ጊዜ ያጣል። እኅትና ወንድም አንዱ ከአባት፥ አንዱ ከእናት ጋር እንዲሆን በተወሰነ ጊዜም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ ልጆች በየትኛው ቀን እንደሚገናኙ ካልተጻፈ፥ መገናኘታቸው በሁለቱ ኩርፈኞች መልካም ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል።

ሁለተኛው ሳይጠየቁ ልጅ የሚጫንባቸው ዘመዶች ጉዳት ነው። ትእዛዙ ልጁን ለእናት ይሰጣል፤ እናትም እንጀራ ፍለጋ አዲስ አበባ ትገባለች ወይም ወደ ዐረብ አገር ትሄዳለች፤ ልጁ ሱሉልታ ከእናትዋ ዘንድ ይቀራል። ወረቀቱ የእናቲቱን ስም ይዟል፤ ልጁን አጥባና አብልታ ትምህርት ቤት የምትሰደው ግን አያቲቱ ናት። አባት የተፈረደበትን ቀለብ ቢከፍል እንኳ የሚከፍለው ስምዋ በመዝገቡ ላለው ነው። ትምህርት ቤት «ወላጅ ወይም ሞግዚት ይፈርም» ሲል፥ ሐኪም ቤትም ፈቃድ ሲጠይቅ፥ አሮጊቲቱ የምታሳየው ማስረጃ የላትም። እንግዲህ የመጀመሪያይቱ አያት ልጅ ያጣችው፥ የሁለተኛይቱም አያት ልጅ ያገኘችው ሳይጠየቁ ነው። ሁለቱም ትእዛዙ ሲሰጥ «ልጁን እስካሁን ያሳደገው ማን ነው? ነገስ በእውነት የሚያሳድገው ማን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ባለመነሣቱ የተጎዱ ናቸው።

የቀድሞው ሥርዓት እንዴት ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የባልና የሚስትን ክርክርና ፍቺ መጀመሪያ የዘመድ ዳኞች እንዲያዩት ደንግጎ ነበር። ስለ ልጆችም በቁጥር 681 የሚታየው የልጆቹ ጥቅም ብቻ እንዲሆን፥ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀርም እስከ አምስት ዓመታቸው ከእናታቸው ዘንድ እንዲቆዩ አዝዞ ነበር። በዘመድ ዳኞች ፊት የቤተ ዘመዱ ነገር ሳይነሣ አይቀርም ነበር፤ ዳኞቹ ራሳቸው ቤቱን የሚያውቁ ናቸውና። ይሁን እንጂ የዘመድ ዳኝነት ነውርም ነበረበት፤ ነገሩ ይጓተታል፥ ለባለጸጋው ወገን ይደላል፥ ሴቲቱም ብዙ ጊዜ ሰሚ ታጣለች። ስለዚህ የ1992ቱ ሕግ የመፍረድን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ፥ ለሽማግሌዎች ማስታረቅን ብቻ መተዉ የሚመሰገን ነው። እኛም ወደ ኋላ እንመለስ አንልም። ነገር ግን ሥልጣኑ ከቤተ ዘመድ ወደ ችሎት ሲዛወር ዕውቀቱም አብሮ መዛወር ነበረበት። ችሎቱ ቤቱን ስለማያውቅ መጠየቅ አለበት።

በእነዚህ ከተሞች አካባቢ ልጅን በወገን መካከል አድርጎ ማሳደግ ከጥንት የቆየ ነገር ነው። በሕግ መጽሐፋችን ያልወለዱትን ልጅ ልጅ ማድረግ «ጉዲፈቻ» መባሉን እናስታውስ፤ ቃሉ ከኦሮምኛ የተወረሰ ሲሆን፥ አብሮት የተወረሰው አሳብ ደግሞ አንድ ልጅ ከወለዱት ሁለት ሰዎች የሰፋ ወገን ሊኖረው እንደሚችል የሚያስረዳ ነው።

ፍርድ ቤቶቻችንም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ ጨርሰው ዝም አላሉም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠውን ፍርድ የሕግ ተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል። ነገሩ በደቡብ የተነሣ ሲሆን፥ እናቱ የሞተችበትን ልጅ ለዓመታት ስታሳድግ የኖረች አክስትና ልጁን ትቶት የቆየ አባት ያደረጉት ክርክር ነበር። የበታች ፍርድ ቤቶች፥ ከወላጆች አንዱ ሲሞት ሞግዚትነቱ በሕይወት ላለው ወላጅ ነው የሚለውን ድንጋጌ ይዘው ለአባት ፈርደው ነበር። ሰበር ሰሚው ችሎት ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ቁጥር 36 የተጻፈውንና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት በመጥቀስ፥ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የልጁ ደኅንነት ነው ሲል ልጁ ከአክስቱ ዘንድ እንዲቆይ ፈረደ። የሰበር ሰሚው ችሎት የሕግ ትርጓሜ በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች፥ የክልሎቹንም ጨምሮ፥ የሚያስገድድ ስለ ሆነ፥ ይህ ፍርድ ለሰበታም ለቡራዩም ለሱሉልታም የሚደርስ ነው።

ሆኖም ከዚህ ፍርድ ሁሉን ነገር አገኘን ብለን አንዘናጋ። አክስቲቱ የተሰማችው ተከራካሪ ስለ ነበረች ነው፤ ተከራካሪም የሆነችው ልጁ በእጅዋ ስለ ነበረ ነው። ልጁን በእጅዋ ያልያዘች፥ በየሳምንቱ እያየችው መኖር ብቻ የምትፈልግ አያት ጉዳይ በዚያ መዝገብ አልታየም።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ እንዴት እንደ ያዙት መመልከትም ይጠቅማል። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 371-4 ልጅ ከአያቶቹ ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው፥ ይህንንም ሊከለክል የሚችለው የልጁ ጥቅም ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል። መብቱ የአያት ሳይሆን የልጁ ተደርጎ መጻፉን ልብ ይሏል። የጀርመንም ሕግ ለልጁ የሚበጅ እስከ ሆነ ድረስ አያቶች፥ ወንድሞችና እኅቶች ልጁን እንዲያገኙት ይፈቅዳል። በአንጻሩ በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ማንኛውም ሰው በማንኛውም ጊዜ ልጅን ለመጠየቅ እንዲያመለክት ፈቅዶ ስለ ነበረ፥ ሁለት አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት ከእናቲቱ ጋር ተከራከሩ፤ የአገሩም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ሕጉ ከልክ በላይ የሰፋ ነው፥ ለልጆችዋ የምታስብ እናት ውሳኔም ክብደት ሊሰጠው ይገባል ሲል ለእናቲቱ ፈረደላት።

ከዚህ የምንማረው በር መክፈት አንድ ነገር፥ አጥር ማፍረስ ሌላ ነገር መሆኑን ነው። ዘመድ ሁሉ መልካም ዘመድ አይደለም። ትዳሩን ያፈረሰችው ራስዋ አማት የሆነችበት ቤት አለ። እጁን በሚስቱ ላይ ያነሣ ባል በእናቱ ቤት በኩል ዞሮ ወደ ልጁ ለመድረስ ሊሞክር ይችላል። ከሁለት ክርክር ሌላ አምስት ክርክር ቢጨመርበትም ልጁ ከችሎት ወደ ችሎት ሲጎተት ይኖራል። ስለዚህ ሚዛኑ የዘመዱ ናፍቆት መሆን የለበትም፤ ሚዛኑ ልጁ ነው። ያ ዘመድ በልጁ ኑሮ ውስጥ የነበረው ስፍራ ምን ያህል ነው? ቢቀርበት የሚጎዳው፥ ቢቀጥልለትስ የሚጠቀመው ልጁ ነውን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሱ «አዎን» የሆነ እንደ ሆነ፥ ዘመዱን በር ላይ ማቆም ልጁን መቅጣት ነው።

አዲስ ሕግ እስኪወጣ ድረስም እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያሻም፤ አሁን ባለው ሕግ ብዙ ሊሠራ ይችላል። አንደኛ፥ ባልና ሚስት በስምምነት ሲፋቱ የፍቺውን ውጤት የሚወስን ስምምነት ጽፈው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። በዚህ ጽሑፍ ላይ «ልጁ በወር አንድ ቅዳሜ ከአያቱ ዘንድ ይውላል» የሚል አንድ መስመር መጨመር የሚከለክል ነገር የለም። ጠበቆችና በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ይህን ቢያስታውሱ ብዙ እንባ ይቀራል። ሁለተኛ፥ ዳኛው የልጁን ጥቅምና የኑሮ ሁኔታ እንዲመረምር በታዘዘበት በዚያው ቁጥር 113 መሠረት፥ ልጁ ከማን ጋር እንዳደገ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱንም በትእዛዙ ላይ ማስፈር ይገባዋል። ልጁ በእውነት የሚያድገው ከአያቱ ዘንድ ከሆነም፥ ይህ ታውቆ ቀለቡ ወዴት እንደሚሄድና ለትምህርት ቤት ማን እንደሚፈርም ቢጻፍ የነገው ውጣ ውረድ ይቀንሳል። ትእዛዙ ሁኔታ ሲለወጥ የሚሻሻል እንጂ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ አይደለም።

ሦስተኛው ለዘመዶች ለራሳቸው የሚነገር ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 41 በክርክሩ ጥቅም ያለው ሰው ጣልቃ እንዲገባ በር ከፍቷል። በቁጥር 358 ደግሞ የክርክሩ ተካፋይ መሆን ይገባው የነበረ ወይም መሆን ይችል የነበረ ሰው፥ ፍርዱ ጥቅሙን የሚነካበት ሲሆን፥ ከመፈጸሙ በፊት መቃወሚያ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። «ከመፈጸሙ በፊት» የምትለዋን ቃል እናስምርባት። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፥ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላል የአገራችን ሰው። ብዙ ዘመድ ግን የሚነሣው ልጁ ሻንጣውን ይዞ ከወጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የቀረው መንገድ ሽማግሌ መላክ ብቻ ይሆናል፤ ሽምግልናውም ቂም በበዛበት ቤት ብዙ ጊዜ አይሰምርም።

ከሁሉ በላይ ግን ነገሩ በሕግ አውጪው ዘንድ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ልጅ ለደኅንነቱ እስከ በጀ ድረስ ከአያቶቹ፥ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ፥ በእውነትም ካሳደገው ሌላ ዘመድ ጋር እንዲጠያየቅ ፍርድ ቤቱ ሊወስን ይችላል የሚል አንድ አጭር ድንጋጌ ቢጨመር፥ ለአዲስ አበባም ሆነ ለኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ እንግዳ አይሆንም። ቀለብን የጣለባቸውን ሰዎች መጠየቅን ቢፈቅድላቸው ሕጉ ራሱን ያስተካክላል እንጂ አይቃረንም።

እናንተ ዛሬ የሕግና የማኅበራዊ ኑሮ ትምህርት የምትማሩ ተማሪዎች፥ በየወረዳው፥ በየትምህርት ቤቱና በየፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመራችሁ ወጣት ሹማምንት ሆይ፥ ይህ ጉዳይ ሚኒስትር እስክትሆኑ አይጠብቃችሁም። ነገ ሰኞ አንዲት አሮጊት መቋሚያዋን ይዛ ከጠረጴዛችሁ ፊት ትቆም ይሆናል። ስምዋ በመዝገቡ ላይ የለም፤ ቁጥርም አታውቅም፤ የምታውቀው የልጁን ስምና የሚወደውን ምግብ ነው። «እማማ፥ እርስዎን አይመለከትዎትም» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ሕጋዊ ይመስላል። ወንበር ስጡአትና ልጁን ማን እንዳሳደገው ጠይቁአት። የምትላችሁን በማስታወሻ ላይ አስፍሩ፤ ቁጥር 41ን እና ቁጥር 358ን በምትሰማው ቋንቋ አስረዱአት፤ ቀኑም ሳያልፍ ወደሚመለከተው ችሎት ምሩአት። ዳኛው የሚጠይቀው ጥያቄ ያን ጊዜ የሚመልስለት ሰው ያገኛል።